የሙከራ ሙዚቃ ሸክላ ሲያስቸግር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መርፌ ማጽዳቱን፣ ማጫወቻውን ደልዳላ ቦታ ማስቀመጡንና ገመድ ማየቱን ጨርሳችኋል ብዬ ልጀምር። የሙከራ ሙዚቃ፣ ማለትም ጩኸቱንም የተሳበ ድምፁንም እንደ ሙዚቃ የሚወስደውን፣ የሚሰበስብ ሰው የራሱ ጣጣ አለው። የሚሰማው ጩኸት ብልሽት ይሁን ሙዚቃው ራሱ፣ በጆሮ ብቻ አይለይም። በገና ሰምቶ የማያውቅ ሰው ንዝረቱን ሲሰማ ክሩ የላላ ይመስለዋል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ያው ድምፅ እየተደጋገመ አልሄድ ካለ

የሸክላው ገጽ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሆን ተብሎ የተዘጋ መስመር፣ ማለትም መርፌው እዚያው እንዲዞር ክብ ሆኖ የተቀረጸ፣ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ፒየር ሼፈር ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 ሙከራውን የጀመረው በእንዲህ ዓይነት መስመር ነው። አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ሉ ሪድ በ1975 ያወጣው ባለ ሁለት ሸክላ የጩኸት አልበምም አራተኛው ገጽ በዚህ ያልቃል። መርፌውን እናንተ ካላነሳችሁት አይቆምም። ገጹ መሀል ላይ "ቀጭ" እያለ ከተመለሰ ግን ቆሻሻ ወይም ጭረት ነው። አጽዱት።

መርፌው እንዳይዘል ብላችሁ መርፌውን የያዘው ክንድ ላይ ሳንቲም አትጫኑ! ብዙ መርፌዎች የሚፈልጉት ወደ 2 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብር ሳንቲም ከዚያ በብዙ ይከብዳል፤ መስመሩን ያርሰዋል። የታረሰ ሸክላ ደግሞ አይጠገንም።

"እምም" የሚል ድምፅ ካለ

ከማጫወቻው ወደ ድምፅ ማጉያው የምትሄደው ቀጭኗ የመሬት ሽቦ ወልቃለች። እሰሯት።

አንዱ ስፒከር ዝም ካለ

ከመርፌው ጀርባ ያሉትን አራት ጥቃቅን ሽቦዎች እዩ።

ድምፁ ወፍሮ፣ ተጎትቶ ከመጣ

ይሄ ነው ደጋግሞ እጄ የሚገባው። ማጫወቻው ከአሜሪካ ይመጣል። ባለቤቱ 220ን ወደ 110 የሚቀይር ትራንስፎርመር ይገዛል። ሻጩም "አለቀ፣ ይሠራል" ይለዋል። አላለቀም! ትራንስፎርመር ቮልቴጁን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ብዙ የድሮ ባለ ቺንጋ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በኸርዙ ልክ ነው። ስለዚህ 33⅓ የነበረው ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። ድምፁም ከሦስት ሴሚቶን (በኪቦርድ ከሦስት ተከታታይ ቁልፎች፣ ጥቁሩም ተቆጥሮ) በላይ ይወርዳል።

ዘፈን ቢሆን ወዲያው ይታወቅ ነበር። አንድ ድምፅ ብቻ ሃያ ደቂቃ በሚሳብበት ሸክላ ላይ ግን ማን ያውቃል? አንድ ደንበኛዬ "ይሄ ሙዚቃ እንዲህ ከባድ ነው፣ ውበቱም እሱ ነው" ብሎ ተሟገተኝ። የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ አስቀመጥኩለት። የጥላሁንን ድምፅ የማያውቅ የአገራችን ጆሮ የለም። ፊቱ ተለወጠ። የወደደው ሙዚቃ ሙዚቀኛው የሠራው አልነበረም።

ሌላው ደግሞ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ጠርዝ ነጠብጣቦች፣ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን የቆሙ የሚመስሉትን፣ አሳየኝ። "ቆመዋል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ልክ ነው" አለ። ያየው ለ60 ኸርዝ የተሠራውን ረድፍ ነው። ነጠብጣቡን የሚያበራው ትንሽ መብራትም በ50 ነው ብልጭ የሚለው፤ ሞተሩና መብራቱ እኩል ስለዘገዩ ነጠብጣቡ የቆመ ይመስላል። በሱ አትታለሉ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፣ ሸክላ አጫውቱ፣ በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ዙሩን ቁጠሩ። 33 ከሆነ ሰላም ነው። 28 ከሆነ ችግሩ ተገኘ።

መፍትሄው ፑሌጃው ነው። ሳህኑን አንሱ፤ ቺንጋው የሚጠመጠምባት ትንሽ የሞተር ፑሌጃ ትታያለች። የ50 ኸርዝ ፑሌጃ ለብቻው ከተገኘ ግዙ። ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስቀርጹ፤ ውፍረቱ የድሮው 1.2 እጥፍ ይሁን። የ33ም የ45ም እርከን አብሮ ይወፍር። መሀሏ ትንሽ ነፋ ይበል፣ አለበለዚያ ቺንጋው ይንሸራተታል። ቀዳዳዋ ፍጹም መሀል ላይ ይሁን። ትንሽ ከሳተች ድምፁ ይዋዥቃል፤ በተሳበ ድምፅ ላይ ደግሞ ይሄ በደንብ ይሰማል።

ፑሌጃው ላይ ፕላስተር የሚጠቀልሉ አሉ። ተዉ! ፕላስተሩ ይቀልጣል፣ ሙጫው ቺንጋውን ይበላል። ትራንስፎርመሩን ደግሞ አትጣሉ፤ ፑሌጃው ቢቀየርም ሞተሩ 110 መፈለጉን አይተውም። በቀጥታ 220 ላይ ተሰክቶ ተቃጥሎ የመጣልኝ ብዙ ነው።

ሞተሩ በዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ በማይመላለስ ኤሌክትሪክ፣ የሚሠራ ከሆነ የኸርዙ ጣጣ አይነካችሁም። ከአውሮፓና ከእስራኤል የመጣም እንደኛው 50 ነው። ከሳዑዲ የመጣውን ግን ጀርባውን አንብቡ፤ እዚያም 60 ነው።