የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማን በቤት መቀየር

የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል፤ የሞተሩን ጉልበት መሬት ላይ የሚያሳርፈውም፣ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰውና ጭነት የሚሸከመውም እርሱ ነውና። እዚህ የማስረዳው እንደ ቦክሰር ባሉ፣ ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ) እና የታምቡር ፍሬን ባላቸው አነስተኛ ሞተሮች ላይ የሚሠራበትን መንገድ ነው።

ጎማው ሲገዛ ጎኑ ላይ የተጻፈው ይነበብ። 3.00-17 የሚለው የጎማው ስፋት 3 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 17 ኢንች መሆኑን ይገልጻል። 2321 የሚመስለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ደግሞ በ2021 በ23ኛው ሳምንት መመረቱን ያመለክታል፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ስለሆነ በእኛ የሰኔ 2013 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ሻጩ «ትናንት የገባ ነው» ቢልም ቁጥሩን አይቶ መክፈል ይሻላል።

የመሃል ዘንጉ ዳዶ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ከላላ በኋላ ሞተሩ በመሃል መቆሚያው ይቆማል። የፍሬኑ ዘንግና የፍሬኑን ሳህን ከኋላ ሹካው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ይፈታሉ፤ ካቴናው ከኋላው ጥርስ ላይ ወርዶ የመሃል ዘንጉ ሲሳብ ጎማው ይወጣል። በግራና በቀኝ የሚወድቁት አጫጭር ቱቦዎች እንዳይቀያየሩ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

የቫልቩ ልብ ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ከተነፈሰ በኋላ፣ ቸርኬውን ነክሶ የያዘው የጎማ ከንፈር በሁለቱም ጎን በተረከዝ እየተረገጠ ይለቀቃል። ብዙ ሰው የሚደክመው ከዚህ በኋላ ነው። የቸርኬው መሃል ከጠርዙ ይልቅ ጎድጎድ ያለ ነው፤ በአንድ ወገን መፈልቀቂያ ብረት ሲገባ ከፊት ለፊቱ ያለው ከንፈር በጉልበት ወደዚህ ጎድጓዳ ካልተገፋ ጎማው አይላላም፣ ብረቱ እስኪጎብጥ ቢታገሉም አይወጣም። ተገፍቶ ከገባ ግን የሳሙና ውኃ ተቀብቶ፣ ሦስት ጣት ያህል እየተፈለቀቀ ያለ ብዙ ትግል ይወጣል።

ከመነዳሪው ከወጣ በኋላ የቸርኬውን ሽቦዎች ጫፍ የሚሸፍነው የላስቲክ ጥብጣብ አለመቀደዱ ይታያል። አዲሱ ጎማ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት የሚዞርበትን አቅጣጫ እንዲያመለክት ተደርጎ የመጀመሪያው ከንፈር ይገባል። ከመነዳሪው ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ተነፍቶ ውስጡ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከንፈር ከቫልቩ ትይዩ ተጀምሮ ቫልቩ ዘንድ ያልቃል፤ በመጨረሻም ከመነዳሪው ከከንፈሩ ሥር እንዳይያዝ ቫልቩ ወደ ውስጥ ገፋ ይደረጋል። እኔ የመጀመሪያውን ጎማዬን ስቀይር ለመጨረሻዋ ጣት ያህል ቸኩዬ ብረቱን ጠልቄ በማስገባቴ አዲሱን ከመነዳሪ ሁለት ቦታ ነክሼዋለሁ፤ ያወቅሁት ግን ሁሉንም ገጥሜ ስነፋ ነው።

ሲነፋ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያለችው ቀጭን መስመር ዙሪያውን እኩል መታየት አለባት። ካልሆነ ተንፍሶ፣ ሳሙና ተቀብቶ እንደገና ይነፋል፤ የአየሩ ልክ በሞተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው።

ሲገጠም ከሁሉ በላይ የፍሬኑ ክንድ እንዳይረሳ፤ ካልታሰረ ፍሬን ሲያዝ ሳህኑ ከጎማው ጋር ዞሮ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። የካቴናው ልልታ ተስተካክሎና ዳዶው ጠብቆ ፍሬኑ በቦታው ይሞከራል። አዲስ ጎማ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ ይነዱ፤ ከቀናት በኋላ ቫልቩ አዘንብሎ ከተገኘ ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል ማለት ነውና ተንፍሶ መቃናት አለበት።