«መርፌው ገባ እንዴ?» ለስለስ ያለውን የጃፓን አኩፓንክቸር ለምትጀምሩ

ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ውስጥ አንድ የብረት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ አቀርቅሬ ስለምውል ትከሻዬ ድንጋይ ሆነብኝ። ጃፓኖች ይህን «ካታኮሪ» ይሉታል። አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ «ሃሪ ሞክሪ» አለችኝ። ሃሪ ማለት መርፌ ነው፤ ቀጫጭን መርፌ ሰውነት ላይ እየወጉ የሚያክሙበትን አኩፓንክቸርንም እንዲሁ ይሉታል። እኔ ደግሞ መርፌ ሲባል ትዝ የሚለኝ በልጅነቴ ጤና ጣቢያ የወጉኝና ሁለት ቀን ያነከስኩበት ነው።

እሱን እርሱት። ይሄኛው ቀዳዳም መድኃኒትም የለውም። የእኔው ውፍረቱ 0.16 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የገባውም ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። እዚህም ቢሆን ጠለቅ አድርገው የሚወጉ አሉ። ስለዚህ ገና ስትገቡ «ሃጂሜቴ ደስ፣ ዮዋሜ ኒ ኦኔጋይሺማስ» በሉ። የመጀመሪያዬ ነው፣ ቀስ አድርጉልኝ እንደማለት ነው።

ሳትበሉ አትሂዱ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩና ከአልጋው ቀና ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። ሴንሴይዋ፣ ማለትም አካሚዋ፣ እግሬን ከፍ አድርጋ መልሳ አስተኛችኝ። ጿሚ ከሆናችሁ ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ አድርጉት። ልብሳችሁም እስከ ክርንና እስከ ጉልበት የሚጠቀለል ይሁን። ሴት እንድታክማችሁ ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ መናገር ነው፤ ማንም አይቀየምም።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ፣ ደረታችሁ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ካለ አትደብቁ። እጅ ወይም እግር የሚያደነዝዝና የሚያዝል ሕመም ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። እንቅልፍ እንዴት ነው? ሆድሽስ? እግርሽ ይቀዘቅዛል? «ትከሻዬን አመመኝ እንጂ ስለ ሆዴ ማን አነሳ?» ብዬ ነበር በሆዴ። ሴንሴይዋ ግን የሁለቱንም እጄን ትርታ በአንድ ጊዜ ያዘች፣ ቀጥላ ሆዴን በመዳፏ ቀስ እያለች ዳሰሰች። ብዙውን ጊዜ የወሰደው ይሄ ዳሰሳ ነው። በዚህ ሙያ ጣት እንደ ዓይን ነው። ነገሩ ታሪክም አለው። መርፌውን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጎ መታ በማድረግ ማስገባትን ያስፋፋው ሱጊያማ ዋይቺ የሚባል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ዓይነ ስውር ነው። ሾጉኑን፣ የዚያን ዘመን የጃፓን ወታደራዊ ገዥ፣ እስከማከም ደርሷል፣ ለዓይነ ስውራንም ትምህርት ቤት ከፍቷል። ለእሱ መታሰቢያ የሆነው መቅደስ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም፣ ሱሚዳ ውስጥ ነው።

ቱቦውን ቆዳዬ ላይ አሳረፈች፣ በጣቷ ጠቅ ጠቅ አደረገችው። ጠበቅኩ። «መርፌው ገባ እንዴ?» ስላት ሦስተኛውን ጨርሳ ነበር! አንዳንዴ ከመርፌው ዙሪያ ደብዘዝ ያለ የመክበድ ስሜት ይሰራጫል፤ «ሂቢኪ» ይሉታል፣ የገደል ማሚቶ እንደማለት። በዚህ ለስላሳ ዘዴ ምንም ባይሰማችሁም ችግር የለውም። ጭራሽ የማይወጋ፣ ቆዳ ላይ ብቻ የሚያርፍ «ተይሺን» የሚባል መርፌም አለ። ካልወጋ አያድንም የምንል ሰዎች እሱን ስናይ ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል።

«ኦኪዩ» የሚባለው ደግሞ ዮሞጊ ከሚባል የአሪቲ ዘመድ ቅጠል በተሠራ ጥጥ መሳይ ነገር ቆዳን የማሞቅ ሕክምና ነው። የሩዝ ፍሬ ታህል ቆንጥረው ቆዳ ላይ ያስቀምጡና ይለኩሷታል። ሲሞቅ «አትሱይ»፣ አቃጠለኝ፣ በሉ፣ ወዲያው ያነሱታል። ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ ቆዳ ይቃጠላል። ጭሱ ግን ቤቴን አስታወሰኝ።

ስትወጡ ድካምና እንቅልፍ ይጫጫናችኋል። ቆዳችሁ ትንሽ ቢበልዝም አትደንግጡ። ያን ዕለት ከባድ ነገር አታንሱ፣ መጠጥም ይቅር። እኔ አንገቴ ቀለል ያለኝ ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው። «ኪ» ስለሚሉት በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ስለሚባል ኃይል ፍሰት ሲያወሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ትከሻዬ መለስ ማለቱ ይበቃኛል።

ስለ ክፍያ፦ የጃፓን የጤና መድን ለስድስት ዓይነት ሕመም አኩፓንክቸርን ይሸፍናል፤ የወገብ ሕመም፣ ከአንገት እስከ ክንድ የሚወርደው ሕመምና ክንድን ወደ ላይ ማንሳት የሚከለክለው የትከሻ መገተር (ፍሮዝን ሾልደር) ይገኙበታል። ግን የሐኪም የስምምነት ወረቀት፣ «ዶይሾ»፣ ያስፈልጋል። ሕክምናውን ሳትጀምሩ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እኔ ወረቀቱን ሳልይዝ ሄጄ የመጀመሪያውን 5,000 የን ከኪሴ ከፍያለሁ።