ከድሬ ተነስቶ ሙሻ ደሴት ላይ መዋኘትና መጥለቅ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለ ባሕር የሚያውቀው ከዘመድ አፍ ነው። ጅቡቲ አክስት ወይም አጎት የሌለው ቤት ብዙ አይደለም። ሄዶ የሚመለሰውም ቢሆን አብዛኛው ገበያውንና ወደቡን አይቶ ይመጣል። ከከተማው ፊት ለፊት፣ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሙሻ እና ማስካሊ የሚባሉ ትናንሽ የኮራል ደሴቶች አሉ። አሸዋቸው ነጭ ነው፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው። ይህን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል። እንዴት እንደሚኬድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ወሩን ምረጡ

ከግንቦት እስከ መስከረም ይቅርባችሁ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አቧራ የጫነ ትኩስ ነፋስም አለ። የድሬ ሙቀት የለመደውን እንኳ ያደክማል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ያኔ ዌል ሻርክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ስለሆኑ ሰው አይበላም። የሚታየው ግን አርታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ በኩል ነውና ለእሱ ሌላ ቀን ያዙ።

ሁለተኛ፦ ወረቀትና መንገድ

ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የመግቢያ ፈቃድ። ስለ ፈቃዱ ድሬዳዋ ያለውን የጅቡቲ ቆንስላ ቀድማችሁ ጠይቁ። አዲሱ ባቡር የሚነሳው ከዚራ ካለው ከድሮው ለገሃር ሳይሆን ከከተማ ውጭ ካለው ጣቢያ ነው። የመንገደኛው ባቡር ቀኑ ስለሚቀያየር ትኬት ሳትይዙ ሆቴል አትያዙ። መድረሻው ናጋድ የሚባለው የጅቡቲ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማው በታክሲ ነው። በመኪና ለሚሄድ በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፦ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ።

ሦስተኛ፦ ልምምዱን ድሬ ላይ ጨርሱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። የውሃ መነጽሩንና የመተንፈሻ ቱቦውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረግኩት ጀልባው ላይ ነበር። ውሃ ገባብኝ፣ ደነገጥኩ፣ ጨዋማውን ውሃ ጠጣሁ፤ ግማሹ ቀን እዚያው አለቀ። ስለዚህ ድሬ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ሂዱና ሁለት ሦስት ቀን ተለማመዱ።

መነጽሩን ስትገዙ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉትና በአፍንጫችሁ አየር ሳቡ። ሳይወድቅ ከቆየ ልካችሁ ነው። ፀጉር በጠርዙ ስር ከገባ ውሃ ያስገባል። መስታወቱ እንዳይደበዝዝ ውስጡን ምራቅ ቀብታችሁ ለቅለቅ አድርጉት። ከዚያ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በአፍ ብቻ ተንፍሱ። ቀስ ብላችሁ፣ ረዘም አድርጋችሁ። ቱቦው ውስጥ ውሃ ሲገባ በአንድ ትንፋሽ በኃይል እፍ ብላችሁ አስወጡት። ይህን ሳትደነግጡ አሥር ጊዜ ከሠራችሁ ለባሕሩ ደርሳችኋል። ዋና የማይችል ሰውም የሕይወት ጃኬት ለብሶ፣ ከሰው ጋር ሆኖ ዓሣ ማየት ይችላል።

አራተኛ፦ ደሴቱ ላይ

ከከተማው በጀልባ በጠዋት ውጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ባሕሩ ይረበሻል። የሚጠጣ ውሃ ከበቂ በላይ፣ ምግብ፣ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያዙ። በቱቦ ስትተነፍሱ ጀርባችሁ ለሰዓታት ወደ ፀሐይ ነው፤ ሳይሰማችሁ ይቃጠላል። የውሃ ጫማም ያስፈልጋል፤ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያላቸው የባሕር እንስሳት ድንጋዩ ላይ ይኖራሉ።

አደራ፣ ኮራሉን አትርገጡ። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። የሚያድገውም በጣም በዝግታ ነው። ለማስታወሻ ብላችሁ ቆርሳችሁ አታምጡ።

አምስተኛ፦ በአየር ጋን መጥለቅ

ይህ የታመቀ አየር የያዘ ጋን ጀርባ ላይ አዝሎ ውሃ ውስጥ እየተነፈሱ መጥለቅ ነው፤ ያለ አስተማሪ አይሞከርም። ለጀማሪ ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ አጭር ጥልቀት የሌለው መጥለቅ አለ፤ በእሱ ጀምሩ። ሁለት ነገር ግን ከአእምሯችሁ አይጥፋ። አንደኛ፣ ትንፋሻችሁን በፍጹም አትያዙ፤ ወደ ላይ ስትወጡ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣልና። ሁለተኛ፣ ስትወርዱ ጆሯችሁ ሳያማችሁ በፊት አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ በአፍንጫ በኩል እንደምታስወጡ ሁሉ በቀስታ ግፉ።

ጫትም ለዚያ ቀን ይቅር። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለበርጫ ሌላ ቀን አለ።

የሐረር ሰው ቢሰማው ደስ የሚለው አንድ ነገር ልጨምር። በደሴቶቹ አካባቢ ከሰመጡት መርከቦች አንዱ ስሙ አርተር ራምቦ ነው፤ ሐረር ላይ የኖረው፣ በስሙ የተሰየመ ቤት የሚጎበኝለት ያ ፈረንሳዊ ገጣሚ። ጥልቅ ስለሆነ ልምድ ላለው ጠላቂ ነው እንጂ ለጀማሪ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ወደ ቤት ለመመለስ አትቸኩሉ

ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። በጋን ስትጠልቁ በግፊቱ ምክንያት ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ ይሟሟል። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው እንደሚወጣው ሁሉ፣ የአየር ግፊቱ ቶሎ ሲቀንስ ናይትሮጅኑ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ የሚመከረው።

እኛ አውሮፕላን ባንሳፈርም ከፍታ እንወጣለን። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ለሚገባ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። የባሕር ዳር ሰው ይህን ላያስበው ስለሚችል አስተማሪያችሁን ስታገኙ የምትመለሱት ወደ ተራራ መሆኑን ንገሩት። የእኔ ምክር ሙሉ 24 ሰዓት ጠብቁ ነው። ከጠለቃችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ካመማችሁ፣ እጅ እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ካዞራችሁ ጉዞውን ትታችሁ እዚያው ሐኪም ጋ ሂዱ። በቱቦ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ብቻ ዓሣ ላየ ይህ ሁሉ አይመለከተውም።

እንግዲህ መጥለቁን ከመመለሻው ባቡር ሁለት ቀን አስቀድሙት። የመጨረሻው ቀን ለከተማው ይሁን። በየመን አሠራር ለሁለት ተከፍሎ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ብሉ፤ አክስታችሁንም ጠይቁ።