ፒካፕን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ካምቢዮ መቀየር

ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጭነት የያዘ ፒካፕ በሞተር ካልተያዘ እዚያ ፍሬኑ ይግላል። ምክንያታችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ቆጥቡ፤ አውቶማቲኩም ዱላው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ከተሳበ ይይዛል። መቀየሩ የሚያዋጣው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሞቶ የማሠሪያው ወጪ ማንዋል ከመግጠም ሲበልጥ ነው።

ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው አብሮ ያልተገዛ ትንሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሞተሩና ሞዴሉ አንድ ከሆነ ማንዋል መኪና የወጣ ሙሉ ስብስብ ፈልጉ፦ ካምቢዮ፣ ቮላኖ (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) ከነብሎኖቹ፣ የፍሪሲዮን ሹካ፣ ሁለቱ ፔዳሎች ከነመያዣቸው፣ የላይኛውና የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ከነቱቦው፣ የካምቢዮ ጎሚኒ (ካምቢዮው የሚቀመጥበት ላስቲክ) ከነትራቨርሳው (ተሸካሚው አግዳሚ ብረት)፣ ርዝመቱ ስለሚለያይ ትራንስሚሽኑም (ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ጭምር። የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ፕሬዠር (ዲስኩን የሚጫነው ሰሌዳ)፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) አዲስ ይሁኑ። ባለ አራት በአራት ከሆነ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚቀበለውን ዘንግ ጥርስ ቁጠሩ። ሁሉም ሳይሟላ አትፍቱ፤ መኪናውን ደብረ ማርቆስ ላይ በክሪክ አቁሞ አንድ ቱቦ ከአዲስ አበባ መጠበቅ ያማርራል።

አወራረዱ የተለመደው ነው፦ ባትሪ ይነቀላል፣ የካምቢዮው ዘይት ይፈሳል፣ ትራንስሚሽን ይፈታል። የቶርክ ኮንቨርተሩ (በአውቶማቲክ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚይዘው ዘይት የሞላበት ዕቃ) ብሎኖች ሞተሩን በእጅ እያዞሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ኮንቨርተሩ ዘይት ስለሞላው ከካምቢዮው ጋር ታስሮ ይውረድ፤ ካልታሰረ ተንሸራቶ እግር ላይ ይወድቃል።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደርሳችኋል። ኮንቨርተሩ ታስሮበት የነበረው የሞተሩ ቀጭን ሰሌዳ ከወጣ በኋላ የክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) መሃል በእጅ ባትሪ እዩ። አንዳንድ አውቶማቲክ ሞተር እዚያ ፓይለት ኩሽኔታ የለውም። ቀዳዳውን በካሊፐር ለክታችሁ በልኩ የተሠራ ኩሽኔታ መትታችሁ አስገቡበት፤ ያለ እሱ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ይወዛወዛል፣ ፍሪሲዮን ተረግጦም ማርሹ ይንጫጫል። የቀጭኑን ሰሌዳ ብሎን ለቮላኖ አትጠቀሙ፤ ስለሚያጥር በጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዛል። የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮም አሁኑኑ ቀይሩት፤ ኋላ ቢያፈስ ዲስኩን በዘይት ይነክረዋል።

የዲስኩ ስፕሪንግ ያበጠበት ወገን ብዙውን ጊዜ ወደ ካምቢዮ ይዞራል፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ። ዲስኩ መሃል ላይ ከዋለ ካምቢዮው በእጅ ተገፍቶ ሞተሩ ላይ ይገጥማል። ጥቂት ሚሊሜትር ቢቀር በብሎን አትሳቡት፤ ዲስኩ ይጣመማል ወይም የካምቢዮው ጆሮ ይሰበራል። ማስተካከያ ፒኖቹ ሞተሩ ላይ መኖራቸውንም አረጋግጡ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ። ሞቶሪኖው (የሞተር ማስነሻው) የሚነሳው ዱላው በፒ (ማቆሚያ) እና በኤን (ባዶ ማርሽ) ላይ ሲሆን ብቻ ስለነበር መስመሩ ካልተገናኘ መኪናው ዝም ይላል። ዝም ብሎ ከማገናኘት በፍሪሲዮን ፔዳሉ ስዊች በኩል ማሳለፉ ይሻላል፤ ያለዚያ ማርሽ ውስጥ እያለ ይነሳና ይዘላል። የሪቨርስ መብራቱ ሁለት ገመድ ወደ አዲሱ ካምቢዮ ይዞራል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ የማንዋሉን ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ የቁልፍ ኮድ ካለው ደግሞ ያንንም ማስተካከል ያስፈልጋል። ሜካኒካል ፓምፕ ያለው አሮጌ ናፍጣ ከኮምፒውተሩ ጣጣ ነፃ ነው።

የካምቢዮ ዘይት አምራቹ ያዘዘው ይሁን፤ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ እስኪደርስ ይሞላል። የፍሪሲዮን መስመሩ አየሩ በደንብ ይውጣ።

ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫኑ። ፒ የሚባለው ማቆሚያም ከእንግዲህ የለም፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አጥብቁና አባይ ከመውረዳችሁ በፊት ዳገት ላይ ፈትኑት።