ዋናውን ጂግለር ከመቀየራችሁ በፊት አክሰለሬተሩ ላይ ምልክት አድርጉ

ማርሚታ ወይም የአየር ፊልትሮ የተቀየረለት ኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) ሲታፈን ብዙ ሰው ቀጥታ ዋናውን ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ቡሎን) ይቀይራል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። አክሰለሬተሩ ላይና ማቀፊያው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ዝግ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ እና ሙሉ የሚሆንበትን በእስክሪብቶ አስምሩ። ከዚያ ነድታችሁ የሚታፈነው የቱ ጋ እንደሆነ ተመልከቱ።

እስከ ሩብ ገደማ ከሆነ የሚኒሞ (አክሰለሬተር ሳይነካ ሞተሩ የሚሠራበት) ጂግለሩና የአየር ቡሎኑ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የካርቡሬተሩ መርፌ ነው፤ ክሊፑን አንድ ጥርስ ወደ ታች ማውረድ መርፌውን ከፍ አድርጎ ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ በላይ ብቻ ነው የዋናው ጂግለር ሥራ።

ዋናውን መቀየር ካለባችሁ ከሚበቃው ሁለት ቁጥር ከፍ ካለው ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፣ በፍጹም ከታች ወደ ላይ አትውጡ። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላ ይጠቁራል፤ ሲያንስ ግን ሙቀቱ ፒስተን ይበሳል። ለማረጋገጥ አዲስ ካንዴላ አስገብታችሁ ነጻ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ በሙሉ አክሰለሬተር ጥቂት ሰከንድ ንዱ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። በሚኒሞ ካቆያችሁት ካንዴላው ላይ የምታነቡት የሚኒሞውን ቀለም ነው። ካንዴላውን ፈታችሁ ስታዩት ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ቀለል ያለ ቡናማ ጥሩ ነው።

ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር የሚያስገባ ከሆነ ግን ምንም ጂግለር አያስተካክለውም፤ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ። ደጋ ላይ ያስተካከላችሁትንም ቆላ ይዛችሁ ስትወርዱ ጂግለሩን አሳድጉ፣ አየሩ እዚያ ወፍራም ነው።