ሁሉም በሁለተኛው ዙር ካለቀ፦ የጠረጴዛ ላይ የእግረኛ ጦር ጨዋታ ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ጓደኛችን ሳሎን ውስጥ፣ እሁድ እሁድ ትናንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች እናዋጋለን። ሜትር፣ ዳይስ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ደንብና ብዙ ጭቅጭቅ አለን። ጨዋታው ሲበላሽ መጀመሪያ የምናደርገው ደንቡን መቀየር ነበር። ቀየርን፣ ባሰበት። እንደገና ቀየርን። ቆይቶ ነው የገባን፤ ደንቡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፣ ግን የተጻፈው ለሌላ ሰው ጠረጴዛ ነው። ጸሐፊው ያሰበው 180 በ120 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ የሚዘረጋበት ሰፊ ክፍል ያለው ሰው ነው። የኛ ምሳ የሚበላበት ነው፣ 110 በ70። እናቲቱ እራት ከማቅረባቸው በፊት ደግሞ መነሳት አለበት።

ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ ደንቡን ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሰውዬ ይህን ሲጽፍ ፊት ለፊቱ ምን ነበር?

"ገና ሳንጀምር ሰው አለቀ"

በጣም የተለመደው ችግር ይሄ ነው። ወታደር ተደርድሮ ሳያልቅ ተኩስ ይጀመራል። ሁለተኛው ዙር ላይ ግማሹ በጎኑ ተጋድሟል። ሦስተኛው ላይ አንዱ ስልኩን ያወጣል።

አንደኛው ምክንያት ርቀት ነው። በብዙ ደንብ ጠመንጃ 24 ኢንች ይመታል፣ ማለትም 61 ሳንቲ ሜትር። የኛ ጠረጴዛ ወርዱ 70 ነው። ሁሉም ሰው ከቆመበት ሁሉንም ይመታል፤ መጠጋት የለ፣ ማድባት የለ። እዚህ ላይ "ጠመንጃ እኮ 300 ሜትር ይመታል" የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ግን በ1 ለ72 ወታደር፣ ማለትም ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ባነሰው፣ 300 ሜትር ማለት 4 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከሳሎን ወጥቶ ደረጃው ላይ ያርፋል። ደንብ ጸሐፊው ራሱ መሬቱን ጨምቆታል። እናንተም ብትጨምቁት ማንም አይቀየማችሁም።

መፍትሄው፦ ወታደሮቻችሁ 1 ለ72 ከሆኑ ኢንች የሚለውን ሁሉ ሳንቲ ሜትር ብላችሁ አንብቡት። 24 ኢንች 24 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የ6 ኢንች እርምጃም 6 ሳንቲ ሜትር። ትልልቆቹ፣ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከሆኑ ግን ይሄ ይጠባል፤ የቆሙበት ክብ ብቻውን 25 ሚሊ ሜትር ነው። ለነሱ በግማሽ ቀንሱ፣ 24ቱ ኢንች ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይውረድ፣ 6ቱ ወደ 7 ተኩል። እርምጃውን ቀንሳችሁ ጥይቱን እንዳትተዉት ብቻ፣ ሁለቱም አብረው ይውረዱ።

ሜትራችሁንም እዩት። የልብስ ሰፊ ሜትር በአንድ ፊቱ ሳንቲ ሜትር ነው፣ በጀርባው ኢንች። አንድ እሁድ ሙሉ አንዱ ወገን በፊቱ፣ ሌላው በጀርባው ሲለካ ውለን "ያንተ ሰዎች ምን በልተው ነው እንዲህ የሚሮጡት?" ስንባባል ነበር። የነቃነው በረካ ሲቀዳ ነው። አሁን የኢንቹን ፊት በፕላስተር አሽገነዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከርቀት ይከፋል፣ ያሳየንም ተጫዋች አይደለም። ጎረቤታችን ጋሼ ድሮ ወታደር ነበሩ። አንድ ቀን ቡና ሊጠጡ ገብተው ከበላያችን ቆመው ያያሉ። ጓደኛዬ አሥር ዳይስ ወረወረ፣ ስድስቱ መቱ፣ ስድስት ወታደር አነሳሁ፣ የቀሩት አራቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደፊት ሄዱ። ጋሼ ሲኒውን አስቀመጡና፣

"እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚሄዱት?" አሉኝ።

"ተራቸው ነው ጋሼ።"

"ልጄ፣ ተኩስ ሲበዛ ሰው ይተኛል እንጂ እንዲህ ቆሞ አያልቅም። ስድስቱን ለምን ገደልካቸው? አስተኛቸው እንጂ። አራቱ ደግሞ እንኳን ሊሄዱ ቀና አይሉም።"

በቃ፣ ችግሩ ይሄ ነበር። ያወረድነው ደንብ መሞትን እንጂ መፍራትን አያውቅም ነበር። ያስተካከልነው እንዲህ ነው። የመታ ዳይስ ሁሉ አይገድልም፣ እንደገና ይወረወራል፣ 5 ወይም 6 ካወጣ ነው የሚገድል። አሥር ጥይት በ4 እና ከዚያ በላይ ሲመታ በአማካይ አምስት ነው፣ ከአምስቱ የሚሞቱት ሁለት እንኳ አይሞሉም። የተረፉት ግን በነጻ አያመልጡም። ጓዱ (አብሮ የሚንቀሳቀሰው የወታደር ቡድን) በተመታ ቁጥር፣ ሰው ሞተም አልሞተም፣ አጠገቡ አንድ ሽንብራ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ አንድ ዳይስ ይወረውራል፣ ካሉት ሽንብራዎች የሚበልጥ ካወጣ ይንቀሳቀሳል፣ ካላወጣ እንደተኛ ይቀራል። ያም ሆነ ይህ አንድ ሽንብራ ይነሳለታል። ሦስት ሽንብራ ያለበት ጓድ የመንቀሳቀስ ዕድሉ ግማሽ ነው። ከዚህ በኋላ አንዱ ጓድ አንገት ሲያስደፋ ሌላው በጎን መዞር ጀመረ፤ ማንም ሳያስተምረን።

ቆሎን ምልክት አታድርጉ። ይበላል። እየቀለድኩ አይደለም፣ አንድ ውጊያ በሙሉ የተሸነፍነው ሰው የኛን ቆሎ ሳይሆን የጠላትን ቆሎ ሲቆረጥም ነው።

"ተራዬ እስኪደርስ እንቅልፍ ወሰደኝ"

አንዱ ወገን ሰዎቹን ሁሉ አንቀሳቅሶ ተኩሶ እስኪጨርስ ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል። ሁለት ለሁለት ስትጫወቱ ደግሞ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተቀምጣችሁ ሦስት ዙር ብቻ ይሆናል።

ዕጣ አድርጉት። ለያንዳንዱ ጓድ አንድ ጨሌ ሲኒ ውስጥ ጨምሩ፣ ለአንዱ ወገን ቀይ፣ ለሌላው ነጭ። ሳታዩ አንድ አውጡ። የወጣው ቀለም ባለቤት አንድ ጓድ ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ሌላ ዕጣ። አምስት ጓድ ያለው ሦስት ካለው በላይ ዕጣ አለው፣ ይገባዋልም። ብዙ ጊዜ ሦስት ቀይ በተከታታይ ይወጣና ነጩ ይጮሃል፤ ይጩህ፣ ጦርነት ላይም ተራ የሚጠብቅልህ የለም።

ዕጣ አድርጋችሁም ከረዘመ ወታደር በዝቷል ማለት ነው። ለአንድ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ጓድ ይበቃዋል። ጥይት በፍሬ መቁጠርም ቶሎ ይሰለቻል፤ የግድ ካላችሁ ገበጣ አምጡና ለያንዳንዱ ጓድ አንድ ጉድጓድ ስጡት፣ በተኮሰ ቁጥር አንድ ጠጠር ይነሳ።

"አየዋለሁ!" "አታየኝም!"

ጓደኝነት የሚያበላሽ ይሄ ነው። ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ በአንድ ዓይኑ የሚያይ ሰው ካያችሁ ችግሩ ደርሷል። ምክንያቱ ፕላስቲኩ ነው። ወታደሩ ሲሠራ ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ስለተሠራ ሁልጊዜ እንደዚያ የሆነ ይመስለናል፤ እውነተኛው ሰውዬ ግን ጎንበስ ይላል፣ ይሳባል።

ሳትጀምሩ ተስማሙ። ጫካው ከዛፎቹ ይልቅ ሥሩ የተነጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ነው በሉ። ከጨርቁ ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለ ያያል፣ ይታያልም፣ ከዚያ የገባ አይታይም። ለቀረው ጭቅጭቅ ከወታደር እስከ ወታደር ክር ዘርጉ። ክሩም ካላስታረቀ ዳይስ ጣሉ፣ ከ1 እስከ 3 አይታይም፣ ከ4 እስከ 6 ይታያል፣ ቀጥሉ። ሁለት ደቂቃ ያለፈ ክርክር ክልክል ነው።

"አድዋን ስንጫወት አድዋ አልመስል አለ"

ፒያሳ የአድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ሁሉም ሰው አድዋን እንጫወት ይላል። ግን የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ደንብ እንዳለ አንስታችሁ ብትሞክሩት ይሰበራል። እዚያ ደንብ ውስጥ በየጓዱ ቀላል መትረየስ አለ፣ ሁለቱም ወገን በነጥብ እኩል ተደርጎ ይሰለፋል። የካቲት 23 ቀን 1888 እኩል የሚባል ነገር አልነበረም። ጣሊያኖች ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ይዘው ነው የመጡት፣ የኛ ሠራዊት በብዙ እጥፍ ይበልጣቸው ነበር።

መጀመሪያ መትረየሱን ከጓዱ አውጡ። ከዚያ ጠመንጃውን ለዩ። ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ይተኩሳል፤ የጣሊያኖቹ ቬተርሊ አራት ጥይት የሚይዝ መጋዘን ነበረው። እኛ ለውጅግራ የተኮሰ ጓድ በዚያ ዙር አይራመድም ብለናል፣ ቬተርሊ የያዘው ግን ተራምዶ በግማሽ ዳይስ ይተኩሳል። ነጥቡን እርሱት። የሞተ ኢትዮጵያዊ ጓድ በሚቀጥለው ዙር ከጠረጴዛው ጠርዝ እንደ አዲስ ይግባ፣ ጣሊያኑ ደግሞ ስምንት ዙር ከቆየ ያሸነፈ ይቆጠርለት። ብዛቱን በዚህ ነው ያመጣነው፣ ያለበለዚያ ሺህ ፕላስቲክ ከየት ይመጣል።

በጣም የምወደው ግን የኮረብታውን ነገር ነው። ጄኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የምትባል ኮረብታ ያዝ ተብሎ ታዘዘ። የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባራቲየሪ ንድፍ ካርታ ስሙን ያኖረው ሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ሰውዬው እውነተኛዋን ፍለጋ ወደፊት ርቆ ሄደ፣ ብርጌዱም ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀረ። ይሄን ጠረጴዛ ላይ እንዴት ታመጡታላችሁ? ሁለት ኮረብታ አኑሩ። የጣሊያኑ ተጫዋች ከመጫወቱ በፊት አንዱን "ያዝ" የሚል ወረቀት ይሰጠው፣ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ሌላኛውን የሚል ወረቀት በድብቅ ይያዝ። ተጫዋቹ መጀመሪያ የተባለው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ዳይስ ይጣል፤ ከ1 እስከ 3 ከወጣ ወረቀቱ ይገለጥና "እዚህ አይደለም፣ ወዲያ ነው" ይባላል። የሰውን ፊት ማየት ብቻውን ይበቃል።

"የሌሊት ውጊያው እንደ ቀን ሆነ"

የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የሄደው በ1943 ነው፣ በፈረንጆቹ 1951። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሆኖ ተዋጋ፣ የሌሊት ቅኝትም ብዙ ሥራው ነበር። ለጨዋታ የሚጣፍጥ ነገር ነው። ግን ከላይ ሆነን ሁሉንም ስለምናይ ጨለማው ጨለማ አይሆንም፤ መብራት ብናጠፋም ዳይሱን አናየውም፣ ሞክረነዋል።

በወታደር ፋንታ የተገለበጠ የመጫወቻ ካርታ አስቀምጡ። ለያንዳንዱ ጓድ አንድ እውነተኛ፣ አንድ ባዶ። ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቀራረቡ ይገለጣል። የተሻለው ግን ዳኛ ነው። ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስቪትስ በፈረንጆቹ 1824 ባወጣው የጦር ጨዋታ ዳኛው ነው ትእዛዙን ተቀብሎ ማን ምን እንዳየ የሚናገረው። በፈረንጆቹ 1876 ደግሞ ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለው መኮንን ሰንጠረዡን ሁሉ ትቶ ለዳኛው ልምድ ይተው አለ። ደንብ ለበዛበት ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከደንቡ ደግሞ እጅ መስጠት የሚለውን ለቃኘው ሰርዘነዋል። ከቃኘው 121 ሰው ሞቷል፣ የተማረከ ግን የለም።

ትንንሾቹ

ስታይሮፎሙ ቀለጠ? ስፕሬይ ቀለም ይበላዋል። መጀመሪያ በነጭ የአናጢ ኮላ ወይም በፕላስቲክ ቀለም ቀቡት። የለስላሳ ፕላስቲክ ወታደር ቀለሙ ተላጠ? ከመቀባት በፊት በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፣ ፋብሪካው የተወበት ቅባት ነው። ቫርኒሹ ነጭ ጉም ሆነ? ሐምሌ ላይ ዝናብ እየዘነበ በረንዳ ላይ ረጭታችኋል። መስከረም ድረስ ጠብቁ።

ደንባችሁ 14 ገጽ ሆነ? የተሸነፈው ሰው ነው በየሳምንቱ የሚጨምረው። እኛ አንድ ደብተር አለን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ይጻፋል፣ ሦስት ጊዜ ወገን እየቀያየርን እንጫወተዋለን፣ ካልጠቀመ ይሰረዛል። በተሸነፈበት ቀን ማንም እስክሪብቶ አይነካም።

"ዳኛው ያዳላል"

ዳኛችን ጋሼ ናቸው። አጎታቸው ኮሪያ ዘምተዋል። የሌሊቱን ውጊያ ስንጫወት ቃኘው አድብቶ ባለፈ ቁጥር ጠላት "አልሰማም" ነው የሚሉት፣ ጠላት ሲያደባ ግን ቅጠል ሲረግጥ ይሰማቸዋል። ዳይስ ይጣል ስንላቸው "ቅጠሉን እኮ ረገጠው፣ ምን ይጣላል?" ይላሉ። ለዚህ መፍትሄ አላገኘንም። ቡናውም የሚመጣው ከሳቸው ቤት ነው።