የቪዲዮ ስብሰባ ሲቆራረጥ ራውተሩ ላይ ምን ይስተካከል?

በስብሰባ መሀል ድምፅ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ፍጥነት ይልቅ በወረፋ ምክንያት ነው። አንዱ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል አፕሎድ ሲያደርግ ፓኬቶች (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ትንንሽ ጥቅሎች) ሞደሙ ውስጥ ይሰለፋሉ። አፕሎዱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሆነ መስመር አንድ ባለ 1500 ባይት ፓኬት ለመውጣት 6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከፊቱ 100 እንዲህ ያሉ ከቆሙ፣ 200 ባይት የማይሞላው የድምፅ ፓኬት ከሲኖትራክ ሰልፍ ኋላ እንደቆመ ባጃጅ 600 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎቹ ንግግር መሻማት ይጀምራሉ።

ይህ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። በኬብል ከተገናኘ ኮምፒውተር፣ መስመሩ ባዶ ሳለ 8.8.8.8ን (የጉግል ሰርቨር ነው) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ለኩ፤ ከዚያ ትልቅ ፋይል እየላካችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከ60 ወደ 500 ሚሊ ሰከንድ ከዘለለ ጥፋቱ የወረፋው ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖም ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ ግን ከዚህ በታች ያለው አይጠቅማችሁም፤ መስመሩን አስጠግኑ።

መፍትሔው ወረፋውን ከሞደሙ አውጥቶ እናንተ ወደምታዙት ራውተር ማምጣት ነው። ለዚህ ራውተሩ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት መላክ አለበት። ፍጥነቱን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ደጋግማችሁ ለኩና ከዝቅተኛው ውጤት 85 በመቶውን ገደብ አድርጉ፤ 2 ሜጋቢት ከሆነ 1.7። ለዳውንሎዱም እንዲሁ። ኦፕንደብሊውአርቲ (ነፃ የራውተር ሶፍትዌር) ላይ ኤስኪውኤም የተባለውን የወረፋ ማስተካከያ ጭናችሁ «ኬክ» የሚለውን የወረፋ ዘዴ ምረጡ። ማይክሮቲክ ራውተሮች ላይ ኬክ ያለው ከሶፍትዌራቸው ከራውተር ኦኤስ 7 ጀምሮ ነው፤ ፋስትትራክ የተባለው ማፍጠኛ ከበራ ግን ትራፊኩ ገደቡ የሚቀመጥበትን ሲምፕል ኪው ዘሎ ስለሚያልፍ ፋስትትራክን አጥፉት። ብዙ ሰው «ገደቡ አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ለአብዛኛው ትንሽ ቢሮ ይኸው ይበቃል። የኢንተርኔት ስልክ ካላችሁ ራውተሩ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ድምፁን በዲኤስሲፒ (ፓኬቱ ላይ የሚጻፍ የቅድሚያ ቁጥር) 46፣ ቪዲዮውን በ34 ምልክት አድርጉ። ጂ.711 በተባለው የድምፅ አቀራረጽ የሚደረግ አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ፣ የኬብል ኔትወርኩ (ኤተርኔት) የሚጨምረው ተደምሮ፣ በሰከንድ 87 ኪሎቢት ያህል ይወስዳል፤ አምስት ጥሪ 435 ማለት ነው። ምልክት የተደረገባቸው ፓኬቶች የሚገቡበት የቅድሚያ ወረፋ ከመስመሩ ሲሶ እንዳያልፍ ገድቡት፤ አለዚያ ሌላው ትራፊክ ይራባል። ምልክቱ ከቢሯችሁ ውጭ ዋስትና የለውም፤ ኢንተርኔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይከበርም።

ዋይፋይ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ መሣሪያዎች ከምልክቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቢቶች ብቻ ስለሚያነቡ 46ን ከድምፅ ሳይሆን ከቪዲዮ ተራ ይመድቡታል። የጠረጴዛ ስልኮችን በኬብል ማገናኘት ይሻላል። አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማበት ጥሪ ካጋጠማችሁ በመጀመሪያ ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂን (የኢንተርኔት ስልክ ፓኬቶችን የሚነካካ የራውተር አገልግሎት) አጥፉ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ፋይል እየላካችሁ ፒንጉን እንደገና እዩ። ከባዶው መስመር ቁጥር ከ30 ሚሊ ሰከንድ በላይ ከጨመረ፣ ገደቡን በ5 በመቶ እየቀነሳችሁ ሞክሩ።